ደብረ ማርቆስ ላይ የሞከርኳት ትንሿ የናፍጣ ባቡር

ከመጀመሪያው ልናገር፦ ባቡሯ ትገዛ። አብሯት የሚመጣው ትራንስፎርመር ግን እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ይቀመጥ።

የማወራው ኤስ ደብልዩ 1500 ስለምትባል የአሜሪካ ባቡር ጎታች ትንሽ የመጫወቻ ሞዴል ነው፤ ከሀዲድና ከመቆጣጠሪያ ጋር፣ አክስቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ። ልኬቷ 1 ለ 87 ነው፣ ማለትም ርዝመቷ የዋናዋ አንድ ሰማንያ ሰባተኛ፣ ርዝመቷም 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ዋናዋ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1974 የተሠራች ናት። ሥራዋ አገር አቋርጦ መሮጥ አይደለም። ከተማ ውስጥ ባለ የባቡር ግቢ ወዲያ ወዲህ እያለች ፉርጎ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ አሰልፋ ለረጅም መንገድ ባቡር ታስረክባለች። ጉልበቷ 1500 ፈረስ ነው። ናፍጣ የሚበላው ሞተር ግን ጎማውን በቀጥታ አያዞርም፤ እሱ የሚያዞረው ጀነሬተሩን ነው፣ ከዚያ የሚወጣው ኤሌክትሪክ አክስሉ ላይ ወዳሉት ሞተሮች ይሄዳል፣ ለዚህ ነው ያንን ሁሉ ሸክም ከቆመበት ያለ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ ሳትቀይር የምታስነሳው።

ሞዴሏ ይህን ጠባይ ይዛለች። ቁልፉን በትንሹ ሲያዞሩት ዝግ ብላ ትነሳለች እንጂ አትዘልም። ጋቢናዋ ጫፍ ላይ ነው፣ የሞተሩ ክዳን ዝቅ ያለ፣ ሾፌሩ መሬት ላይ ቆሞ ምልክት የሚሰጠውን ሠራተኛ እንዲያይ። የእጅ መያዣዎቹ ከፀጉር ትንሽ የሚወፍሩ ሽቦዎች ናቸው፣ ልጆች ባይነኳቸው ይሻላል። ድምጿ ደግሞ ልብ ይወስዳል። ቆማ ስታጉረመርም የገጠር የናፍጣ ወፍጮ ነው የምትመስለው።

አሁን ወደ ችግሩ። ትራንስፎርመሩ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ የኛ 220። እዚሁ ከተማ ካንድ ሱቅ መቀነሻ ገዛሁ፣ ብዙም ሳይቆይ ተቃጠለ፣ ሻጩም «መብራት ነው ያቃጠለው» ብሎ መለሰኝ። በጣም ነው ያናደደኝ። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት የ220 መሆኑን አጣሩ። ሌላው አቧራ ነው። ኤሌክትሪክ የምትቀበለው ከሀዲዱ በብረት ጎማዋ ስለሆነ፣ በጋ ላይ መብራቷ ብልጭ ድርግም ይልና ትቆማለች። ጨርቅ ፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል ነክሮ ሀዲዱንና ጎማዋን መወልወል ነው፣ ውሃ አታስነኳት።

ጎጃም ሀዲድ የለውም። የድሮው የጅቡቲ መስመር 784 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ አዲስ አበባ ላይ ቆመ፣ ወደኛ የሚመጣው ማዳበሪያ ዛሬም ዓባይ በረሃን የሚሻገረው በከባድ መኪና ነው። ለዚህ ነው ይህችን ነገር ከመጫወቻ በላይ የማያት። የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ መሪዋ የታለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ገልብጬ የጎማዋን የውስጥ ከንፈር አሳየሁት፣ ሀዲዱን ይዞ የሚመራት እሱ እንደሆነ። ጣቱን እያስሄደበት ቆየ፣ ከዚያ ፉርጎዎቹንም አንድ በአንድ ገልብጦ አየ።

ሀዲድ ግን ጨምራችሁ እዘዙ። አብሯት የሚመጣው ክብ ብቻ ነው፣ ክብ ላይ ደግሞ ፉርጎ መደርደር አይቻልም። ቢያንስ ሁለት የመስመር መቀየሪያና ጥቂት ቀጥ ያለ ሀዲድ ያስፈልጋል።