ጅማ ለሽያጭ የቀረበችው ባለ ሳይድካር ኡራል

ይቺ በቀኝ ጎኗ ባለ አንድ ጎማ መቀመጫ (ሳይድካር) የተገጠመላት ሞተርሳይክል ሞዴሏ ኡራል ኤም 67-36 ነው። ሩሲያ፣ ኢርቢት ከተማ ውስጥ ከ1976 እስከ 1984 (እ.ኤ.አ.) ይመረት የነበረ፣ 649 ሲሲ፣ 36 የፈረስ ጉልበት፣ ሁለቱ ሲሊንደሮቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተዘረጉ። ሻጩ አዲስ ቀለም አስቀብቷታል፣ ታምራለች። ዋጋዋን መወሰን ያለበት ግን ቀለሙ ሳይሆን ኮሎዋ (የፒስተኖቹን ምት ወደ ዙር የሚለውጠው የሞተሩ ዘንግ) እና የሳይድካሩ አገጣጠም ነው።

የኡራል ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) የሚዞረው በብሮንዚን (ለስላሳ የብረት ቅርፊት) ሳይሆን በሮለር ኩሽኔታ ላይ ነው። ዘይት የሚደርሰው ኮሎው ላይ ባሉ ዘይት ሰብሳቢዎች በኩል ስለሆነ ቆሻሻው እዚያው ይጋገራል፤ ሲሞላ ዘይቱ ይቋረጥና ሮለሩ ይደርቃል። ለዚህ ነው ዘይቷ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ያለበት፦ ለሞተር 2 ሊትር፣ ለካምቢዮ 0.8 ሊትር፣ ለኋላው ዲፈረንሻል 110 ሚሊ ሊትር ያህል። የዚችኛዋ ዘይት ጠቁሯል፤ በጣት ሲታሽ ግን የብረት ብናኝ የለውም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የጅሬንን አቀበት በሦስተኛ ማርሽ ስትወጣም ከሆዷ የታፈነ ምት አይሰማም። የኮሎዋ ደህና መሆን ብቻውን ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ ኮሎው ተጨምቆ የተገጠመ በመሆኑ ለመፍታት ፕሬስ፣ መልሶ ለማቃናት ደግሞ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) የሚሰማው ቲክ ቲክ የቫልቭ ክፍተት ነው፤ ሞተሩ በቀዘቀዘበት 0.07 ሚሊ ሜትር ላይ ይስተካከላል።

ሚኒሞዋ (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይዋዥቃል። ሁለቱም ካንዴላዎች ጥላሸት ለብሰዋል፣ የግራው ይብሳል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፤ በሁለቱም ካርቡራተሮች መርፌውን አንድ እርከን ዝቅ ማድረግ ይበጃል። ከዚያ ሁለቱን ማመጣጠን ነው፦ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስቶ አራተኛ ማርሽ ማስገባት፣ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቅሎ ከሞተሩ አካል ጋር ማገናኘት (ክፍት ከተተወ ኮይሉን ያቃጥላል)፣ በቀረው ሲሊንደር ብቻ ስትሠራ የፍጥነት መለኪያው ስንት እንደሚያሳይ ማየት። ሌላውም በተራው ያንኑ ፍጥነት እስኪያሳይ የጋዝ ገመዱን ማስተካከል። ባልተመጣጠነ ካርቡራተር የሚሮጥ ኡራል ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚንም ይጨርሳል፤ ደህናው እንኳ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ገደማ ይጠጣል።

ገዢ የማያየው ቦታ የቸርኬው መሃል ነው። አራቱም ጎማዎች፣ መለዋወጫው ጭምር፣ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባሉ፤ ስለዚህ ሁሉም የኋላውን ጉልበት የሚቀበለው ጥርስ አላቸው። የዚችኛዋ የኋላ ቸርኬ ጥርሶች ሙሉና ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ነው። መለዋወጫው ሲፈታ ግን ጥርሶቹ ወደ አንድ ጎን ተበልተው እንደ መጋዝ ሹል ሆነዋል፤ ያለቀው ወደ መለዋወጫነት ተዛውሯል ማለት ነው። ለፊትና ለሳይድካር ያገለግላል፣ ለኋላ ግን አይሆንም። ሻጩን አራቱንም እንዲፈታ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሳይድካሩ ጠንካራ ነው፣ አገጣጠሙ ግን ልክ አይደለም። ቀጥ ባለ ሜዳ አስፋልት ላይ በእኩል ፍጥነት ስትሄድ መሪው ወደ ቀኝ ይስባል። ጋዝ ሲሰጥ ወደ ቀኝ፣ ሲለቀቅ ወደ ግራ መሳብ ያለ ነው፤ በእኩል ፍጥነት መሳብ ግን የመገጠሚያ ጥፋት ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች፣ አንዱን በሞተርሳይክሏ ሁለት ጎማዎች ጎን፣ ሌላውን በሳይድካሩ ጎማ ጎን አጋድሞ ርቀቱን ከፊትና ከኋላ መለካት ነው፤ የፊቱ በ10 ሚሊ ሜትር ያህል መጥበብ አለበት። ሞተርሳይክሏ ራሷ ደግሞ ከሳይድካሩ በተቃራኒ፣ ወደ ግራ፣ 2 ዲግሪ ገደማ ማዘንበል ይኖርባታል። ዝንባሌው የሚስተካከለው በሁለቱ የላይ ዘንጎች ነው። ባዶውን ሳይድካር ይዞ ወደ ቀኝ በፍጥነት መታጠፍ ጎማውን ያስነሳል፤ ሦስት ፈረሱላ ቡና (51 ኪሎ) ቢቀመጥበት ይረጋጋል። ጠቅላላ ጭነቷ ነጂውን ጨምሮ ከ255 ኪሎ ማለፍ የለበትም።

ዲናሞው ደህና ይሞላል፤ ጋዝ ሲሰጥ ባትሪው ላይ ወደ 14 ቮልት ይነበባል። የኋላ ማርሽ የላትም። መርካቶ ውስጥ ጠባብ ቦታ ያቆማት ሰው ከ300 ኪሎ በላይ በእጁ ሊገፋ ነውና አፍንጫዋን ወደ መውጫው አዙሮ ያቁማት።

በእኛ ግምት ትገዛለች፤ የአንድ ጥሩ ቸርኬና የካርቡራተር እድሳት ወጪ ከተጠየቀው ላይ ይቀነስ። ቀብድ ከመስጠት በፊት ግን የሞተርና የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር ነው፤ አዲሱ ቀለም የሻንሲውን ቁጥር በከፊል ስለሸፈነው በቲነር ተጠርጎ ይነበብ።