በደብረ ብርሃን ሱቆች የሚሸጠው አርጂ 6 የዲሽ ኬብል

ከቀጭኑ ተራ ኬብል በእጅጉ ይሻላል፤ ግን አርጂ 6 የተጻፈበት ሁሉ አንድ አይደለም። ሳያስለኩ ጫፉን ያስልጡት። የሽቦው ጥልፍ ሳስቶ ከሥሩ ያለው ፎይል (ስሱ ብርማ ልባስ) በሰፊው ከታየ ይተዉት፤ የጎረቤት ብየዳና ዲናሞ ረብሻ በዚያ ይገባል። የመሃሉን ሽቦ በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ነጭ ከወጣ ሙሉ መዳብ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ለአጭር መስመር ይበቃል፤ መስመሩ ሲረዝም ግን ወደ ኤልኤንቢው (ዲሹ ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ) የሚሄደው ቮልቴጅ ይወርድና 18 ቮልት የሚፈልጉት ቻናሎች ቀድመው ይጠፋሉ።

ደካማው አብሮት የሚሰጡት ተጠምዛዥ ኮኔክተር ነው። የደብረ ብርሃን ንፋስ ያላላዋል፣ ዝናብ ያስገባል። የሚጨመቀውን ይግዙ፤ አንዲት የጥልፍ ክር እንኳ የመሃሉን ሽቦ ከነካች ሾርት ነው።

ስፒከሩ “እምም” ካለ፣ ወይም ስክሪኑ ላይ አግድም ጥላ ቀስ እያለ ከተንሸራተተ፣ ኬብል መቀየር ብቻውን ላይፈታው ይችላል፤ ምንጩ ብዙውን ጊዜ 50 ኸርዙ የቤት መብራት ነው። ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቅለው የዲሹን ኬብል ይፍቱና እንደገና ያብሩት። ድምፁ ከጠፋ፣ ዲሹና ቤቱ ግራውንዳቸው (ወደ መሬት የሚወርደው መስመር) ተለያይቷል ማለት ነው፤ ሁለቱን በኤሌክትሪሺያን ያስገናኙ። ቲቪና ሪሲቨርን ከአንድ ማከፋፈያ መሰካትም ይረዳል። ግራውንዱን ቆርጦ ድምፁን ማጥፋት ግን፣ መብረቅ በሚበዛበት የሰሜን ሸዋ ክረምት፣ አይሞከርም።