ለኤክሴል የተግባር ፈተና መለማመጃ ለምትፈልጉ፦ የቱሉ ዲምቱዋን እህታችንን ላመስግን

ሰላም የቱሉ ዲምቱ፣ የኮዬ ፈጬና የአካባቢው ሰዎች። ይህን የምጽፈው አንዲት እህታችንን በአደባባይ ለማመስገንና ሥራ ፍለጋ ላይ ያላችሁ እንድታውቋት ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ካሉት የጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች በአንዱ ትሠራለች። ቀን ማመልከቻና ሲቪ ትጽፋለች፤ ማታ ሱቁ ጋብ ሲል ኤክሴል ታለማምዳለች። ስሟ እዚህ እንዲወጣ ስላልፈለገች አልጠቅሰውም።

ወደ እሷ የሄድኩት ለዳታ አናሊስትነት አመልክቼ ሾርትሊስት ውስጥ ስገባና ቃለ መጠይቁ የተግባር ፈተና እንዳለው ሲነገረኝ ነው። በስታትስቲክስ ስለተመረቅኩ ፎርሙላው ብዙም አላሳሰበኝም። እሷ ለዓመታት ዳታ ኢንኮደር ሆና ስለሠራች፣ ሰው ፈተና ላይ የሚደናገረው ዳታው ቆሻሻ ሲሆንበት ነው ትላለች። እውነቷን ነው።

የሰጠችኝ ፋይል ራሷ ያዘጋጀችው የሱቅ ሽያጭ መዝገብ ነው፤ ልክ እኛ አገር እንደሚሞላው የተሞላ። አንዷ ደንበኛ አንድ ቦታ ፀሐይ፣ ሌላ ቦታ ጸሐይ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ፀሀይ ተብላለች። ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለቪሉካፕ (VLOOKUP፣ የፈለጋችሁትን ሠንጠረዥ ውስጥ ፈልጎ በዚያው ረድፍ ያለውን የሚያመጣ ፎርሙላ) ግን ሦስት። ከስም ኋላ ስፔስ የተረሳባቸው አሉ። ስልኮቹ የፊቷ ዜሮ ወድቃ በ9 ይጀምራሉ። መጀመሪያ ትርፍ ስፔስ በሚያጠፋው ትሪም (TRIM) ማጽዳት፣ ከዚያ አንዱን ፊደል በሌላ በሚተካው ሰብስቲቲዩት (SUBSTITUTE) ፊደሉን አንድ ዓይነት ማድረግ፣ ስልኩን ወደ ቴክስት መቀየር። ይህ ሳያልቅ በመስፈርት የሚደምረውን ሰም ኢፍስም (SUMIFS) ሆነ ዳታውን በየምድቡ የሚያጠቃልለውን ፒቮት ቴብል አታስነካም።

ከሁሉ የጠቀመኝ የቀኑ ነገር ነው። መዝገቡ በእኛ አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2016ን 30/02/2016 ብላችሁ ስታስገቡ ኤክሴል በፈረንጅ ቀን ነው የሚያስበው፤ ፌብሩዋሪ 30 የለምና እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ጥቅምት 5ን ግን፣ እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ፣ ፌብሩዋሪ 5 ወይም ሜይ 2 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበላል። በጣቷ ስክሪኑን እየነካች ነው ያሳየችኝ፦ ወደ ግራ የተጠጋው ጽሑፍ ሆኖ ቀርቷል፣ ወደ ቀኝ የተጠጋው ቀን መስሎት ነው። የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው፤ ስህተት መሆኑን የሚናገር ምንም ምልክት የለውም። መላዋ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ መለየት ነው። ከዚያም ወሮቹን ከሩብ ዓመት ጋር የሚያያዝ ትንሽ ሠንጠረዥ ሠርቶ በቪሉካፕ ማምጣት፤ የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜንና መስከረም አንደኛው ሩብ ዓመት ናቸው። የቪሉካፕ መጨረሻ ላይ ፎልስ (FALSE፣ ልክ አንድ ዓይነት የሆነውን ብቻ አምጣ ማለት ነው) መጻፍን እንዳልረሳ ደጋግማ ነግራኛለች፤ ከተዘለለ ተቀራራቢ ነው ያለውን ያመጣል፣ ዝርዝሩ በቅደም ተከተል ካልሆነ ደግሞ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።

ሌላው፣ ሰዓት ይዛ ታሠራለች። "አሁን ጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ የምትሠራውን እየነገርከኝ ሥራ" ትላለች። ዝም ካልኩ "ለምን እሱን መረጥክ?" ብላ ታስቆመኛለች። የቪሉካፕ አዲሱ ተተኪ የሆነውን ኤክስሉካፕን (XLOOKUP) እየወደድኩም፣ አብረው ያንኑ ሥራ የሚሠሩትን ኢንዴክስና ማችን (INDEX፣ MATCH) አብሬ እንድለማመድ ያደረገችኝ እሷ ናት፤ ኤክሴል 2016ም ሆነ 2019 ላይ ኤክስሉካፕ የለም። ፈተናው ቀን የተሰጠኝ ኮምፒውተር ላይ በእርግጥም አልነበረም። ኢንዴክስና ማችን ተጠቅሜ፣ ምን እንደማደርግ ለፈታኞቹ እየተናገርኩ ጨረስኩ። ሥራውን አግኝቻለሁ፣ ተመስገን።

ፓወር ቢአይ (የዳታ ሪፖርትና ግራፍ መሥሪያ) ወይም ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ለምትፈልጉ እሷ አታስተምርም፤ ራሷም መጀመሪያውኑ ትነግራችኋለች። ኤክሴልን ከዜሮ ለሚጀምር ሰውም ትንሽ ትፈጥናለች ብዬ አስባለሁ። መሠረቱ ኖሯችሁ ፈተና ለቀረባችሁ ግን ከእሷ የተሻለ አላየሁም። ክፍያዋ በሰዓት ነው፣ ለሥራ ፈላጊ ኪስ የሚከብድ አይደለም።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ውለታሽን አልረሳም።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሱቁን አሳያችኋለሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይሻላል። ላፕቶፕ ያላችሁ ቻርጀሩንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሌላችሁ የሱቁ ኮምፒውተር አለ፣ ግን አስቀድማችሁ አስይዙ።