ፀሐያማው መደብ ወይስ ከፊል ጥላው?
ዘር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቀን ሙሉ መደቡን ተከታተሉት። ፀሐይ በቀጥታ ስንት ሰዓት እንደምታርፍበት ቁጠሩ። 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ፀሐይ ይባላል። ከ3 እስከ 6 ከሆነ ከፊል ጥላ ነው።

ቲማቲም፣ ቃሪያና ደበርጃን ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ሱፍና ጽጌረዳም እንደዚያው። ቲማቲምን ጥላ ውስጥ ብትተክሉት ግንዱ እየሰለለ ይመዘዛል፤ ፍሬው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ብርሃን ብቻውንም አይበቃም። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ወይም ቀኑ ከ32 ሲያልፍ አበባው ፍሬ ሳይይዝ ሊረግፍ ይችላል። ስለዚህ ችግኙን ብርዱ ካለፈ በኋላ አውጡት።

ከፊል ጥላው ለሰላጣና ለቆስጣ ይስማማል፤ ከአበባ ደግሞ ለቤጎኒያ። ሰላጣ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ያብባል፣ ቅጠሉም ይመርራል። እኔ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከሰዓት ግን የሚጠለል ቦታ እመርጥለታለሁ። የከሰዓት ፀሐይ ለስስ ቅጠል ትከብዳለች።

ምርጫ ካላችሁ ፀሐያማውን ያዙ። በቀዝቃዛው ወቅት ሰላጣ፣ ሲሞቅ ቲማቲም ይበቅልበታል። ጥላ ካስፈለገም ረጅም ተክል አጠገቡ ማቆም ይቻላል። ፀሐይን ግን ከየትም አታመጧትም።