መግቢያውን ዝለሉት፣ ትረካውን ስሙት

የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ከሌሊት ተራ ስወጣ እንቅልፍ ቶሎ አይወስደኝም። ስለዚህ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እጋደማለሁ። ሰሞኑን የሰማሁት የጎቲክ፣ ማለትም ጨለማና ፍርሃት የሞላባቸው፣ ታሪኮችን የሰበሰበ የእንግሊዝኛ የድምፅ መጽሐፍ ነው። ጭብጡ እብደትና ግድያ ነው። ከኤድጋር አለን ፖ «ዘ ቴል ቴል ሃርት»፣ ከ«ጄን ኤር» እና ከ«ድራኩላ» ደግሞ የተመረጡ ምዕራፎች አሉበት።

ገንዘቤን ያላስቆጨኝ ፖ ነው። ታሪኩ የታተመው በጥር 1843 እ.ኤ.አ. ነው። ታሪኩን የሚነግረን ሰው አብሮት የሚኖረውን ሽማግሌ ይገድላል። ቂም የለውም፣ ንብረቱንም አልተመኘም። ሰላም የነሳው የሽማግሌው አንድ ዓይን ነው፤ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ሞራ የጋረደው። ሰባት ሌሊት በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ በፋኖስ ጭላንጭል ሊያየው ገባ፤ ዓይኑ ተጨፍኖ ስላገኘው ተመለሰ። በስምንተኛው ሌሊት ዓይኑ ተከፍቶ ነበር።

ከዚህ በፊት ይህን ታሪክ ሲያነቡ የሰማኋቸው ተራኪዎች ገና ከመጀመሪያው ቃል ይጮኻሉ፣ ይንተከተካሉ። ይቺኛዋ ግን ረጋ ብላ፣ በልመና ድምፅ ታነበዋለች። «ለምን እብድ ትሉኛላችሁ?» የሚለውን ስታነብ አንድ ሰው እመኑኝ እያለ ይመስላል። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። አንድ ታካሚ ነበረኝ። እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣና፣ እጆቹን አጣምሮ፣ የሚሰማውን ድምፅ አንድ በአንድ ያስረዳኝ ነበር። አይቆጣም፣ አያስፈራራም። ጆሮ እንድሰጠው ብቻ ነበር የሚፈልገው። ተራኪዋ ድምፅዋን ከፍ የምታደርገው አንዴ ብቻ ነው፤ ቤቱ የመጡት ፖሊሶች ቁጭ ብለው እያወሩ ሳለ ገዳዩ ሬሳውን ከደበቀበት ወለል ሥር የልብ ምት ሲሰማ። እዚያ ላይ ከአልጋዬ ቀና አልኩ።

መግቢያው ግን አናደደኝ። እነዚህ ታሪኮች «የእብድ አእምሮ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳያሉ» ይላል። እንዴት? አብዛኞቹ የአእምሮ ሕሙማን በሰው ላይ እጃቸውን አያነሱም፤ እንዲያውም ራሳቸው የመጠቃት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። በዚያ ላይ መግቢያው የሚያወራው ጠፍቶ አይደለም። ታሪኩ በወጣበት በዚያው ወር ለንደን ውስጥ ዳንኤል ማክናተን የሚባል ሰው የጠቅላይ ሚኒስትሩን የሮበርት ፒልን ጸሐፊ፣ ኤድዋርድ ድረመንድን፣ በጥይት መታው። ድረመንድ ከቀናት በኋላ ሞተ። ማክናተን ገዢው ፓርቲ እያሳደደኝ ነው ብሎ ያምን ነበር። በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ተባለ፤ አገሩ ተንጫጫ። ዳኞች በዚያው ዓመት አንድ መለኪያ አወጡ፦ ሰውየው የሚያደርገውን፣ ወይም ያደረገው ስህተት መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ? በእኔ ግምት የፖ ሰውዬ በዚህ መለኪያ አያመልጥም። ሬሳ ቆራርጦ ወለል ሥር የደበቀ ሰው ጥፋቱን ያውቃል። ግን ታሟል። ሁለቱ አንድ ላይ መኖራቸው ነው እኔን እንቅልፍ የነሳኝ፤ መግቢያው ግን ወዲያ ዝር አላለም።

ከ«ጄን ኤር» የመረጡት በርታ፣ ባሏ አብዳለች ብሎ ቤት ውስጥ የቆለፈባት ሴት፣ ወንድሟን በቢላ የምትወጋበትንና የምትነክስበትን ሌሊት ነው። ብዙ ማጉረምረም አለው፣ አልወደድኩትም። ደራሲዋ ሻርሎት ብሮንቴ ራሷ በጥር 1848 እ.ኤ.አ. በጻፈችው ደብዳቤ፣ ከርኅራኄው ይልቅ አስፈሪነቱን በማብዛቷ መሳሳቷን አምናለች። አዘጋጆቹ ይህችን እንኳ ቢጠቅሷት ምን ነበረበት?

ትልቁ ቅሬታዬ «ድራኩላ» ላይ ነው። ሬንፊልድ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ያለ ታካሚ ነው። ዝንብ ይሰበስባል፣ ዝንቡን ለሸረሪት ያበላል፣ ሸረሪቱን ለወፍ። ስብስቡ ይህን ሁሉ ይዟል። የማቆያውን ሐኪም ዶክተር ሴዋርድን በቢላ የሚያጠቃበትንም ይዟል። እዚያ ላይ ያበቃል። 18ኛው ምዕራፍ የለም። በዚያ ምዕራፍ ሬንፊልድ እንደ ማንኛውም የተማረ ሰው በጨዋነት ይናገራል፤ ዛሬውኑ ከዚህ አውጡኝ ይላል። እምቢ ሲሉት ተንበርክኮ ያለቅሳል። ዶክተሩ አሁንም ሕመሙ ነው ብሎ ትቶት ይሄዳል። ሰውየው ግን እውነቱን ነበር፤ አደጋው፣ ደም መጣጩ ድራኩላ፣ እዚያው ቤት ደጃፍ ላይ ነበር። ኋላም ሚና የምትባለውን ሴት ለማዳን ድራኩላን ታግሎ ነው የሚሞተው።

መጽሐፉን አውጥቼ ያንን ምዕራፍ ለራሴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ሲወጡ ለዶክተሩ የሚለው አለ፦ ዛሬ ማታ ላሳምናችሁ የምችለውን ሁሉ እንዳደረግኩ ኋላ አስታውሱልኝ። አንጀቴን በላው። ስብስቡን የምትገዙ ከሆነ ይህን ምዕራፍ ለብቻው ፈልጋችሁ አንብቡት።