የቅዳሜው የመድኃኒት አሰጣጥ ኮርስ፦ ብሬ ተበላ ወይስ አልተበላም
ነርሲንግ ሶስተኛ ዓመት ነኝ፣ ፋርማኮን (የመድኃኒት ትምህርቱን) ያለፍኩት በሽምደዳ ነው፣ የመድኃኒቱን ስም ከነክላሱ እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ ግን ዋርድ ገብቼ "እስቲ ይሄን ድሪፕ አስተካክዪው" ስባል እጄ ይያዛል። ለዛ ነው አራት ቅዳሜ እንቅልፌን ትቼ ሰፈራችን ያለ አንድ ማሰልጠኛ ኮርስ የገባሁት። ስሙን አልጠራም ምክንያቱም ወደ ታች ትንሽ አማርራለሁ።

ስሌቱን በጣም ወድጄዋለሁ። አሰልጣኟ ሲስተር መጀመሪያ ቦርዱ ላይ 1000 ሚሊ ኖርማል ሳላይን (በደም ስር የሚሰጥ የጨው ውሃ) በ8 ሰዓት ውስጥ ብላ ጻፈችና የድሪፕ ሴት (ፈሳሹ በጠብታ የሚወርድበት ቱቦ) ማሸጊያ አድላን አንብቡ አለች። እኛ ደግሞ ማሸጊያ ቀዶ መጣል እንጂ ማንበብ መቼ ለምዶብን! 20 ጠብታ በሚሊ ይላል፣ 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ። የህጻናቱ ማይክሮ ሴት ግን 60 ጠብታ ነው፣ ሁለቱን በአንድ ዓይን ካያችሁ ጉድ ፈላ።

ማግኒዥየም ሰልፌት ላይ ደግሞ ክላሱ በሙሉ ጭጭ አለ። ኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ) ላለባት እናት መጀመሪያ በደም ስር 4 ግራም በ20 ፐርሰንት ይሰጣል ይላል መመሪያው፣ አምፑሉ ግን 50 ፐርሰንት ነው፣ ታዲያስ? 8 ሚሊ ከአምፑሉ፣ 12 ሚሊ የመርፌ ውሃ፣ በቃ 20 ሚሊ ሆነ፣ እሱም ቀስ ተብሎ ከ5 ደቂቃ ባላነሰ። ቀጣዩን ዶዝ ከመስጠት በፊት ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 እንዳያንስ፣ የጉልበት ሪፍሌክስ እንዳለ፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ መሆኑን ማየት፣ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ደግሞ አጠገብ ይቀመጥ። ይሄንን ሁለት ዓመት ሙሉ ስሸመድደው ነበር፣ ለምን እንደሆነ የገባኝ ግን ገና አሁን ነው።

ቤንዛቲን ፔኒሲሊንም ላይ ብዙ ቆየን፣ የልብ ቫልቭ ችግር ያለባቸው ልጆች በየ4 ሳምንቱ የሚወጉት ማለት ነው። ወተት ስለሚመስል በደንብ ካልተናወጠ መርፌውን ይደፍናል፣ ስህተት ተሰርቶ ደም ስር ከገባ ደግሞ ልብ ሊያቆም ይችላል፣ ጡንቻ ውስጥ ብቻ ነው። አለርጂ መጠየቅማ አትርሱ።

አሁን ምሬቴ። ከሰላሳ በላይ ተማሪ ለአንድ የፕላስቲክ ክንድ! በአራት ቅዳሜ ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ) የሞከርኩት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱንም ከኋላ እየተገፋሁ። ሃንድአውቱ ፎቶኮፒ የፎቶኮፒ ነው፣ ግማሹ አይነበብም። ይባስ ብሎ ኢንሱሊን ላይ ዩኒት የሚለውን በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አሳጥረውታል፣ 10 ዩኒቱ 100 ይመስላል፣ እንዴ ይሄ እኮ አታድርጉ ተብሎ የሚማሩት ነገር ነው! ለሲስተር ሳሳያት ፈገግ አለችና "በሉ ሰርዙትና ዩኒት ብላችሁ በሙሉ ጻፉት" አለችን፣ ሰላሳ ሰው እስክሪብቶ አውጥቶ ሲሰርዝ ማየት ያስቃል።

ዋርድ ላይ ለሚሰሩ ወይም አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ለሚወጡ ብሩ አያስቆጭም። ለኤግዚት ኤግዛም ጥያቄ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ግን ተዉት፣ የጥያቄ ስብስብ የላቸውም። ከሄዳችሁ ካልኩሌተር ያዙ፣ ወረፋውን ደግሞ ክንዱ ጋ ቀድማችሁ ቁሙ።