የደብረ ሊባኖስ ጉዞና የልጆቹ አጃቢዎች

የ13 ዓመት ልጄን ወደ ደብረ ሊባኖስ ጉዞ ብቻዋን ለመላክ ሆዴ እምቢ ስላለኝ፣ አስፈቅጄ አብሬያት ሄድኩ። 24 ልጆች፣ 3 አጃቢዎች፣ አንድ ኮስትር። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ዋናው ፈተና ፖርቹጋል ድልድይ የሚባለው የድሮ የድንጋይ ድልድይ ጋ ነው። ገደሉ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ደግሞ ልጆቹን ወደ ጫፍ ይስባሉ። አንድ ልጅ ስልኩን ደግኖ ወደ ኋላ ሲራመድ ልቤ ቀጥ አለ። ልጆቹ «እቴቴ» የሚሏት አጃቢ ግን አልጮኸችም። ቀድማ በገደሉ በኩል ቆማ ነበር። ትከሻውን ያዝ አድርጋ «ና የኔ ጌታ፣ እዚህ ሆነህ አንሳ» አለችው። ልጁም አላፈረም፣ እሺ ብሎ መጣ።

ከመነሳታችን በፊት አጃቢዎቹ ሁሌ ልጆቹን በስም ይጠራሉ። ይሄን በጣም ወደድኩት። በቁጥር ብቻ ቢሆን የሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ቢቀላቀልስ?

ቅር ያለኝ በመልስ ጉዞ ነው። ወጣቱ አጃቢ ስልኩ ላይ ተጥዶ ዋለ። ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ልጆች ሲደባደቡ የገላገልኩት እኔ ነኝ። ለአስተባባሪው ነግሬዋለሁ።

ዋጋው 1,500 ብር፣ ምሳን ጨምሮ። እቴቴ ካለች ልጄን በሚቀጥለውም እልካታለሁ።